ዳማው የቆመበት

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። በአርሲ የደራው ዳማ ፈረስ ግን ማድረሱንም ትቷል፣ ዋጋውም ወርዷል ሲሉኝ ነው ልገዛው ከአዳማ የሄድኩት። የጋሪ ፈረሴ ከሞተብኝ ወዲህ ቤታችን የሚተዳደረው በሚስቴ በጤናዬ ጉሊት ነው። ባጃጅ ባጥለቀለቀው ከተማ ጋሪን ሙጥኝ ማለቴ እልኸኛ ስለሆንኩ ነው። ስለዚህ በዕለቱ ግልቢያ ዳማው መሀል ላይ እንዲቆም እመኝ ነበር፤ ምን ይደበቃል።

ፈረሱ የአባ ዳማ ነበር። የሰውዬው ስም አብዱናሲር ቢሆንም በዚያ አገር ደህና ፈረሰኛ የሚጠራው በፈረሱ ነው። ሲሞት በወጉ መሠረት ዳማውን ኮርቻ ጭነው፣ ሰው ሳይቀመጥበት፣ በለቀስተኛው ፊት እየሳቡ አዞሩት። ሴቶች በሚያለቅሱበት ሁሉ እያቆሙት። ፈረሱም ያንን አልረሳ አለ፤ የሴቶች ድምፅ በሰማ ቁጥር አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። የሟቹ ወንድም ኦቦ ጠሃ ተሰላቹ። በዛሬው ግልቢያ ሳይቆም ከጨረሰ ለሟቹ ልጅ ለጋሮምሳ ይቅርለት፣ ከቆመ ግን የአዳማው ሰው ይወስደዋል ብለው በሽማግሌ ፊት ቆረጡ። ጋሮምሳ ሰላም ሲለኝ ፊቴን አላየም። ከአባቱ የቀረለት ያ ፈረስ ብቻ ነው።

ለመጨረሻው ዙር ሁለት ፈረሰኞች ቀሩ፤ ጋሮምሳና የአርሲ ነገሌው ሱፊያን። ሱፊያን ጢሙ የሸበተ ሰው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ከአባ ዳማ ጋር ሲጋልብ አንድም ቀን ቀድሞት አያውቅም።

ሜዳውን ዞረው ሲመለሱ ሱፊያን ትንሽ ቀደም ብሎ ነበር። ዳማው ሲሮጥ ሳየው ለጋሪ መመኘቴ አሳፈረኝ። መድረሻው ላይ ከተዘረጋው ገመድ አጠገብ የቆሙት የደራ ሴቶች ግን ለልጃቸው ብለው እልል አሉ። ዳማው ቆመ። አንገቱን ደፋ። ጋሮምሳ አለንጋውን አላነሳም፤ እጁን በፈረሱ አንገት ላይ አደረገ። ሴቶቹ ያደረጉት ሲገባቸው እልልታው አፋቸው ላይ ቀረ።

ሱፊያን ገመዱ ጋ ሊደርስ ምንም ያህል ሳይቀረው ዞር ብሎ አየ። ልጓሙን ሳበና ተመለሰ። ከፈረሱ ወረደ፣ አለንጋውን መሬት ላይ ጥሎ ዳማው ፊት መጣ።

«ጋሮምሳ፣ ያኔ ታምሜ ለአባትህ ለቅሶ አልደረስኩም» አለው። «ዛሬ ልድረስ።»

ልጁ ሊወርድ ሲል ከለከለው። የሁለቱንም ፈረሶች ልጓም ይዞ፣ እንደ ለቀስተኛ ቀስ ብሎ መራመድ ጀመረ። ዳማው ተከተለው። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ተነሣ። በአባቱ ቀብር ላይ ያላለቀሰው ጋሮምሳ እዚያ ኮርቻ ላይ ሆኖ አለቀሰ።

ገመዱን አለፉ። በደንቡ በእግሩ የገባ አይቆጠርም፤ ሱፊያን ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ሽማግሌዎቹ ድሉን ለጋሮምሳ ሰጡ። ሱፊያን አባ ዳማ ዛሬም ቀደመኝ ብሎ ብቻ አለንጋውን ሊያነሳ ሄደ።

ኦቦ ጠሃ ግን ግትር ናቸው። ወደ እኔ መጥተው ቃል ቃል ነው፣ ፈረሱ ቆሟል፣ ውሰደው አሉኝ። ልጁ ከኋላቸው ሆኖ ይሰማል። ለዳማው ብዬ የገዛሁት አዲስ ማሰሪያ ገመድ እጄ ላይ ነበር። ጋሪዬና ጤናዬ ትዝ አሉኝ። ተናደድኩ፤ በእሳቸው ይሁን በሱፊያን እስካሁን አላውቅም።

«ኦቦ ጠሃ፣ እርስዎ ሲቆም አይተውት ይሆናል» አልኳቸው። «እኔ ያየሁት ሲገባ ነው።»

አመሻሽ ላይ አዳማ ስደርስ ጤናዬ ደጅ ቆማ፣ ለፈረሱ ሣር አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ባዶውን ገመድ አየችና ፈረሱስ አለችኝ።

«ለቅሶ ደርሼ መጣሁ» አልኳት።