ባለእጁ ይግዛው ልጁን ያነሣበት ዕለት

አንባቢ ሆይ፣ ፍጥረተ ሰብእ ሁሉ ከማኅፀን እስከ መቃብር በማንሣትና በመነሣት እንደሚኖር ልብ በል፤ እጅ ለጸሎት ወደ አርያም ይነሣል፣ ታቦት በካህን ራስ ላይ ይነሣል፣ ማዕድ ከፊታችን ይነሣል፣ አስከሬን በጎረቤት ትከሻ ይነሣል፣ የሞተም ሰው ስሙ በተዝካሩ ቀን ይነሣል፤ ክፉ ሰው ደግሞ በዚያው ቃል ጠብን ያነሣል፣ ያረጀ ነገርን ያነሣል፣ በትርን ያነሣል። ከዚህ ሁሉ የሚከብደውና የሚከበረው ግን ክርስትና ማንሣት ነው። ሕፃኑን ከጥምቀቱ ውኃ በክንዱ የተቀበለ ሰው የክርስትና አባቱ ይሆናል፤ ከወላጆቹም ጋር አበልጅ ተብሎ ከሥጋ በሚጠና ዝምድና ይታሰራል፤ በአበልጆች መካከልም ጋብቻ ከቶ አይታሰብም። እንግዲህ ይህ ቅዱስ ሥርዓት በሰው ክፋት እንዴት መራራ እንደ ሆነ እነግርሃለሁ።

ወንዝ በከበባት በአንዲት ደብር ይግዛው የሚባል፣ በጠባዩ ጭምት በጥበቡ ስመ ጥር የሆነ ባለእጅ ነበር። የአገሩ ሰው ማረሻውንና ማጭዱን የሚያሠራው ከእርሱ ነው፤ ዓይኑ ሰው ይበላል እያለ ከማዕዱ የሚሸሸውም ከእርሱ ነው። ሚስቱ አትጠገብ ብዙ ዘመን መካን ስትባል ኖራ፣ እግዚአብሔር በቸርነቱ ጎበኛትና ወንድ ልጅ ወለደች። ይግዛውም ልጁን የሚያነሣለት ሰው ፍለጋ ከደጅ ደጅ ዞረ፤ አንዱ መንገደኛ ነኝ አለው፣ ሌላው ወገቤን አሞኛል አለው፣ ሦስተኛው ቤት የለም አስባለ፤ ድምፁ ግን ከጓዳ ይሰማ ነበር። በመጨረሻ ጠመንጃቸውን ጠግኖ የሰጣቸው ባላምባራስ መሸሻ፣ ቄሰ ገበዝ ወልደ ትንሣኤ ባሉበት፣ አነሣልሃለሁ ብለው ቃል ሰጡት። ያን ቀን ይግዛው ወደ ቤቱ የሄደው፣ መሄድ ከተባለ፣ እየበረረ ነው።

ልጁ አርባ ቀን በሞላው ማለዳ ውርጭ ወርዶ ነበር። ቄሰ ገበዝ ሕፃኑን አጥምቀው፣ ራቁቱን ውኃ እየተንጠባጠበ፣ ወደ ባላምባራስ ዘረጉት። በዚህ ጊዜ የባላምባራስ ሚስት ወይዘሮዋ ኩታቸውን ከኋላ ሳብ አድርገው በጆሯቸው አንድ ነገር አሉ፤ ባላምባራስም የተዘረጋ እጃቸውን ወደ ኩታቸው መልሰው ክንዴን ቁርጥማት ይዞኛል አሉ። ቄሰ ገበዝ በሕዝቡ ላይ ዓይናቸውን አዞሩ፤ ያዩት ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። አንድ ደብተራ ብቻ ቀስ ብሎ፣ «አባቱ የጋለ ብረት የሚያነሣበት ጉጠት አለው አይደል፤ ያምጣና በእርሱ ያንሣው» አለ፤ ብዙዎችም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ሳቁ። ሕፃኑ አለቀሰ፤ ቆይቶ ማልቀሱን ተወ፤ ከንፈሩም ጠቆረ። ይህን ጊዜ በደጁ በኩል ቆሞ የነበረው ይግዛው ሰውን ገፍቶ ገባና ልጁን ከካህኑ እጅ ተቀብሎ በደረቱ ውስጥ ሸሸገው።

ቄሰ ገበዝ ወደ እርሱ ዞሩ። «ይግዛው፣ ምን አደረግህ? ልጅህን አንተው አነሣኸው፤ እንግዲህ አትጠገብ አበልጅህ ሆነች» አሉት።

«አባቴ፣ በርዶት ነበር» አለ።

በማግስቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጉባኤ ሆነ። ነገሩን ቀድመው ያነሡት እነዚያው ክንዳቸውን ቁርጥማት ይዟቸው የነበሩት ባላምባራስ ናቸው፤ ሥርዓት ሲፈርስ ዝም ብለን ብናይ መዓት ይወርድብናል አሉ፤ ትናንት ዲዳ የነበረው ሕዝብም ዛሬ በአንድ አፍ እውነት ነው አለ። ይግዛው ማንም እንዳላነሣለት ቢናገር፣ እርሱ ሌላ ነገር ነው ተባለ። ወደ ጳጳሱ እንዲላክለት ቢለምንም ሽማግሌዎቹ መንገዱ ሩቅ ነው አሉ። ያን ጊዜ አትጠገብ ልጇን እንዳዘለች ተነሥታ ቄሰ ገበዝን ትክ ብላ አየቻቸው።

«አባቴ፣ ልጄ ሞቶ ባሌ ቢቀርልኝ ይሻል ነበር? እርስዎ ይንገሩኝ፤ ይህን ሁሉ ሰው አልጠይቅም።»

ካህኑ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ነገር ግን ባላምባራስን አዩና መልሰው ዘጉት። እኔ እንደሚመስለኝ ያን ዕለት ከተሠራው ኃጢአት ሁሉ ትልቁ ይህ ዝምታ ነው፤ እግዚአብሔር ይፍታቸው።

ተፈረደ። አትጠገብ ከወንዙ ማዶ ወደ ወንድሟ አገር፣ ጡት ያልተወ ልጇን ይዛ እንድትሄድ ተባለ፤ ይግዛውም ዳግመኛ ከደጇ እንዳይደርስ በመስቀል ተገዘተ። ባላምባራስ የምትሄድበትን በቅሎ ሰጡ፤ ሰዉም እንዴት ያሉ ርኅሩኅ ሰው ናቸው ብሎ መረቃቸው። ይግዛው እስከ ወንዙ ሸኛት፤ ልጁን በክንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ያቅፈው ዘንድ ቢለምን፣ አብረው የተላኩት ሽማግሌ፣ «ተው ልጄ፣ እርሱን አቅፈህ አይደል እዚህ የደረስከው» አሉት። ውኃውን እስክትሻገር ቆሞ አየ፤ ከዚያም ተመልሶ ወናፉን ነፋ፤ የእርሻ ወራት ደርሶ ነበርና ፈራጆቹ ሁሉ ማረሻቸውን ይዘው በደጁ ተሰልፈው ቆይተውታል።

ወዳጄ ሆይ፣ ሕፃን ለማንሣት የዛለ ክንድ ድንጋይ ለማንሣት ሲሆን ይበረታል።