አባባ ስኪ ይነካሉ?

የካናዳ የነዳጅ ሥራ በደራበት ዘመን የምሥራች ባል ፎርት ማክመሪ፣ የነዳጅ ሠራተኞች ካምፕ ውስጥ ይሠራ ስለነበር፣ ካልጋሪ ያለውን የቤቱን ጉዳይ የምትወስነው እሷ ነበረች። ያን ሰሞን ያስጨነቋት ከአዲስ አበባ ሊጠይቋት የመጡት አባቷ፣ ጋሼ ተድላ ናቸው። ቅዳሜ ከልጆቿ ጋር ባንፍ ተራራ ስኪ፣ በረዶ ላይ መንሸራተት፣ ሊሄዱ ነው። የአባቷ የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንስ ግን የስኪ ጉዳት አይሸፍንም፤ ተጨማሪ መግዛት አለባት። ስኪ ካልነኩ ለምን ትከፍላለች? ቢነኩስ?

“አባባ፣ እርስዎ ቁጭ ብለው ነው የሚያዩት አይደል?” አለቻቸው እንደገና።

“አዎ ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ምን አቅብጦኝ!”

ስልኩን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ሳሎን ውስጥ ስትንቆራጠጥ ጋራዥ በኩል የሆነ ነገር ኳ አለ። ሄዳ ብታይ፣ አባቷ የባሏን የስኪ ጫማ አጥልቀው፣ ግድግዳ ተደግፈው ጉልበታቸውን ሸብረክ ያደርጋሉ።

“ልኬ ከሆነ ብዬ ነው” አሉ አፈር ብለው።

ወዲያው ደውላ ኢንሹራንሱን ገዛች።

ቅዳሜ አባባ ከሕፃናቱ ጋር ትንሿን ቁልቁለት ሲወርዱ በመቀመጫቸው ዱብ አሉ። ምንም አልሆኑም፤ እየሳቁ “አንሱኝ!” አሉ። ልታነሳቸው የሮጠችው ምሥራች ግን አዳልጧት እጇ ተሰበረ።

ሐኪሙ እጇን ሲያስርላት አባቷ ከጎኗ አልተለዩም። ሕመሙ ቢያንገበግባትም፣ አባቷን ደህና ሆነው ስታያቸው ሳምንቱን ሙሉ መቀመጫ የነሳት ጭንቀት ለቀቃት።