ባለ አንድ ዓይኑ ግራዝማች

አላምረው ቅኔ ቤት ሰባት ዓመት ተቀምጦ ሁለት ስንኝ እንኳ አልሞላለት አለና፣ በሠላሳ ዓመቱ ሠዓሊ እሆናለሁ ብሎ ተነሣ። ጎንደር መቼም ለሰነፍ ሁሉ ሥራ አታጣም። አለቃ ወልደ ገብርኤል ተቀበሉትና ከሰል አስጨበጡት።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ሙሉ ሰጥቶ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ኃጥእ ግን ጎኑን ሰጥቶ ባንድ ዓይን ይሣላል። ለጀማሪ የሚሰጠው ኃጥእ ነው፤ ቢበላሽም የሚቀየም የለም። አላምረው ይሁዳን ሣለ፣ የሄሮድስን ጭፍሮች ሣለ፣ ሰይጣንንማ ስንቴ። ሁለት ዓይን ላይ ሲደርስ ግን አንደኛው ወደ አዘዞ፣ ሌላኛው ወደ ሳንጃ ያይበታል።

"ሰው አስቀምጠህ እያየህ ሣል" ይሉታል አለቃ። "ዓይንህ ያላየውን እጅህ ከየት ያመጣዋል? ጻድቅን በሁለት ዓይኑ የሣልህ ዕለት ሠዓሊ እልሃለሁ።"

አላምረው ከዚህች ቃል ሌላ የሚመኘው አልነበረውም። እኅቱን ይመኙሽን ደጃፍ ላይ አስቀምጦ ሣላት።

"ምነው አላምረው፣ ይህች ማናት?"

"አንቺ ነሽ።"

"እንግዲያስ ሳላገባ መቅረቴ ነው" አለችና ስንዴዋን ወደ መልቀም ተመለሰች።

ጣልያን በወጣ በአራተኛው ዓመት ግራዝማች ክንዱ ለደብሩ የእመቤታችንን ሥዕል አሠሩ፤ ከእግሯ ሥር ደግሞ እሳቸው ራሳቸው እንዲሣሉ አዘዙ። ግራዝማች በጠላት ጊዜ ጣልያን ከሠራው ፒያሳ ርቀው አያውቁም። ጠላት ሲወጣ ግን ሦስት ወር ደጃቸውን ዘግተው ጎፈሬ አሳደጉ፤ ብቅ ሲሉ አርበኛ ነበሩ። አለቃ እመቤታችንን ጨርሰው ለዘመድ ተዝካር ሳንጃ ቢወርዱ ንዳድ ይዟቸው እዚያው ታመው ተኙ። ለንግሡ የቀረው አምስት ቀን ነው። ግራዝማች ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው አላምረው ፊት ተቀመጡ።

በመጀመሪያው ቀን አንዱ ዓይን ከሌላው በላይ ወጣበት፤ አጠፋው። በማግስቱ ሁለቱ እኩል መጡለት፤ ግን በርበሬ የገባባቸው መሰሉ። በሦስተኛው ቀን ላቡ በጀርባው ወረደ።

"ግራዝማች፣ እስቲ ወደ በሩ ዞር ይበሉልኝ።"

"ምነው?"

"አፍንጫዎ ሸጋ ነው፤ ከጎን ያምራል።"

ግራዝማች ዞሩ። አላምረውም ሕይወት ያለው የሚመስል ሥዕል ሲሥል የመጀመሪያው ነበር፤ ጎፈሬው፣ የተደራረበው አገጭ፣ ያች ትንሽ ብልጣብልጥ ዓይን ሁሉም ቁጭ አለ። ደስታው ልቡን ሰወረውና የሥርዓቱን ነገር ጭራሽ ረሳው። ቀለሙ እስኪደርቅ ብሎ በነጠላ ሸፈነው፤ ግራዝማችንም አላሳያቸው።

በንግሡ ዕለት ቅዳሴ ሲያልቅ ነጠላው ተገፈፈ። ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ።

"ሌላው ዓይኔስ?" አሉ ግራዝማች።

መልሱ የመጣው ከወይዘሮ አባይነሽ ነበር፤ አንድ ልጃቸውን ጣልያን በጥቆማ ሰቅሎባቸዋል።

"ልጄን ስትጠቁም ጨፍነኸው ነበር፣ ክንዱ" አሉ፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

ያን ጊዜ የሳቀ የለም። ግራዝማች ጠመንጃቸውን አንሥተው ወጡ።

አላምረው ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጀግና ሆነ። አገር የፈራውን እሱ ደፈረ ተባለ። ኧረ አቅቶኝ ነው ሊል አፉን ሲከፍት አንዱ ብርሌ ጠጅ አቀበለው፤ አፉም ሌላ ሥራ አገኘ።

አለቃ በወሩ ከስተው ተመለሱ። ሥዕሉን ብዙ አዩት። ከኋላቸው ምእመኑ ተሰብስቧል፤ ወይዘሮ አባይነሽም አሉበት።

"እውነቱን ንገረኝ" አሉ አለቃ። "ደፍረህ ነው፣ ወይስ ሁለት ዓይን አቅቶህ?"

አላምረው ሕዝቡን አየ።

"ደፍሬ ነው።"

"አቅቶኝ ብትል ዛሬውኑ እንጀምር ነበር" አሉ አለቃ። "ለጀግና የሚሆን ትምህርት ግን የለኝም።"

ከዚያ ወዲህ አገሩ አላምረውን ጀግና ሲለው ኖረ። ሠዓሊ ያለው ግን የለም።