አክስቴ፣ ይታይሻል?

መነጽር ሠሪው በእሁድ ከሰዓት የወንጌል ንባብ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲቀመጥ አንድ ቀን እንኳ አፉን ከፍቶ አያውቅም። ቀልደኛው ሥጋ ሻጭ "ከወንበሩ የሚለየው በመተንፈሱ ነው" ካለ ወዲህ ስሙ "ወንበሩ" ሆኖ ቀረ። የሚመጣው ላሳደገችው አክስቱ ብሎ ነው። ንባቡ የሚካሄደው በእሷ ሳሎን ነው፤ ሃያ ዓመት ያነበበችውም እሷው ናት።

የዛሬው ግን የመጨረሻዋ ነው። "ደክሞኛል፤ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሌላ ሰው ያንብብ" ብላ ቁርጡን ተናግራለች።

የተነበበው የዕውሩ ሰው ታሪክ ነበር፤ ጌታ አንዴ ሲዳስሰው ሰዎች እንደ ዛፍ ሲሄዱ የታዩት፣ ሁለተኛ ሲዳስሰው ግን አጥርቶ ያየው ሰው። የአክስቱ ድምፅ እንደ ወትሮው ኩልል ይላል። አጠገቧ የተቀመጠው መነጽር ሠሪ በዓይኑ ሲከተላት ገጹ አለቀ። እሷ ግን ገጹን ሳትገልጥ ማንበቧን ቀጠለች።

ነገሩ ገባው። በቃሏ ነው የምትለው። ከወር በፊት የቅርብ ዕይታዋን ሲለካ ያስነበባት የገዛ ወንጌሏን ነበር። አንድ ፊደል ሳትስት አነበነበችለት፤ እሱም በዚያው ልክ መነጽሩን ሠራላት።

"እኔ የማይገባኝ፣" አለ ሥጋ ሻጩ፣ "ለምን ሁለት ጊዜ? መጀመሪያ ኃይሉ አነሰው እንዴ?"

"እኔ ልናገር?" አለ መነጽር ሠሪው።

"ወንበሩ ተናገረ" አለ ሥጋ ሻጩ።

"ስለ ኃይሉ አላውቅም። ግን ከዳሰሰው በኋላ 'ይታይሃል?' ብሎ ጠይቆታል። እኔም ሱቄ ውስጥ ይህንኑ እጠይቃለሁ፤ ግማሹ ሰው በይሉኝታ ይዋሸኛል። ደክሞልኛል፣ ቅር እንዳይለው ብሎ 'ጥሩ ነው' ይለኛል፤ ከዚያ ሄዶ ደረጃ ላይ ይደናቀፋል። ይህ ሰው ግን ጌታ ፊት እንኳ ይሉኝታ አልያዘውም። ዛፍ መስለውኛል አለው። ጌታም አልተቆጣም፤ ደግሞ ነካው። 'ተመስገን፣ ይበቃኛል' ብሎ ቢሆን ኖሮ ዕድሜ ልኩን ዛፍ ሲያይ ይኖር ነበር።"

ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነው ያወጣው። ግን አላቆመም፤ ወደ ጎኑ ዞረ።

"አክስቴ፣ ይታይሻል?"

መጽሐፉን ቀስ ብላ ዘጋች። "ልጄ፣ ደክመህ የሠራኸውን እንዴት ብዬ..."

"አክስቴ።"

"ዛፍስ በሆነልኝ። የእኔ ፊደሎች ጉንዳን ናቸው፤ እየተግተለተሉ ይሄዳሉ።"

ሳሎኑ በሳቅ ፈነዳ። "ለዚህ ነው እንዴ የተዉን፣ እትዬ?" አለ ሥጋ ሻጩ።

መነጽር ሠሪው ቁልፉን አውጥቶ ቆሟል። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ተነሺ፣ ሱቅ እንሂድ።"

"በሰንበት?"

"ጌታም በሰንበት ፈውሷል" አለ፤ ሁለት ዓመት ያዳመጠው ሁሉ ዛሬ ምላሱ ላይ ተሰልፏል።

መንገዱን ተሻግረው ሁሉም እየተጋፉ ጠባቧ ሱቅ ገቡ። መነጽር ሠሪው ወንጌሉን ከእጇ ተቀብሎ ለሥጋ ሻጩ ሰጠና የዓይን ጠብታ ካርቶን አስያዛት። የመለኪያውን ፍሬም አፍንጫዋ ላይ አሳርፎ የመጀመሪያውን ሌንስ ከተተበት።

"ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ?"

"ሁለቱም ጥሩ ነው።"

"እትዬ" አሉ ከኋላ በአንድ ድምፅ።

"እሺ፣ እሺ። ሁለተኛው። እሱም ቢሆን ያደናግራል።"

ሌንስ ቀየረ፤ ደግሞ ቀየረ። በአምስተኛው ላይ ካርቶኑን ከፍ አደረገችና በዚያ በእሁድ ድምፅዋ አነበበች፦ "ከተከፈተ ከአንድ ወር በኋላ አይጠቀሙበት። ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ።"

"አሜን" አለ ሥጋ ሻጩ፣ ከልማዱ።

አክስቱ ቀና ስትል የመነጽር ሠሪው ፊት እፊቷ ነበር። "አንተ፣ ፂምህን እንዲህ ሳትላጭ ነው ስትመጣ የከረምከው?" አለችው። ከዚያ እጇን ወደ ሥጋ ሻጩ ዘረጋች።

"መጽሐፌን ወዲህ በል። የሚቀጥለውን እሁድ ምንባብ ልየው።"