ያልተበላ ቅጠል

አሥራ አራተኛዋን ንብ ከአፈሩ ላይ አንስታ መዳፏ ላይ አስቀመጠቻት። ንቧ ገና አልሞተችም፤ በጀርባዋ ተገልብጣ እግሮቿን እያንቀጠቀጠች አንድ ቦታ ላይ ትሽከረከራለች። አትክልተኛዋ የጉልበቷን ጭቃ ሳታራግፍ ተነሣች። አበቦቹ ከተተከሉ ገና ዘጠኝ ቀናቸው ነው።

"ምን ጠፍቶብሽ ነው?" አሏት የቤቱ ባለቤት ከበረንዳው ላይ። ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ተራ ጥያቄ እንኳ ሲጠይቁ ምስክር የሚያፋጥጡ ይመስላሉ።

"ምንም አልጠፋብኝም ጋሼ። ደርሼ ልምጣ፤ አንድ ሰዓት ይስጡኝ።"

"እንግዶቼ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። እንዳትረሺ!"

እንዴት ትረሳለች? እንግዶቹ አምስት የዳኛው የቀድሞ ባልደረቦች ናቸው፤ አምስቱም ሰፊ ጓሮ አላቸው፣ አምስቱም ጓሮውን በሲሚንቶ ደፍነውታል። እሷ ስድስት ዓመት ሙሉ በሰው ድርጅት ውስጥ አጥር ስትከረክምና አንድም ንብ የማያርፍበትን ሣር ስታጭድ ኖራ፣ በራሷ ስም የያዘችው የመጀመሪያ ሥራ ይህ ጓሮ ነው። ዳኛውን ለማሳመን ሦስት ሳምንት ተከራክራለች። ዓመቱን ሙሉ በየወሩ አንድ የሚያብብ ነገር እንዲኖር፣ ረጃጅሞቹ ከግንቡ ሥር አጫጭሮቹ ከፊት እንዲሆኑ፣ አፈር ውስጥ ለሚኖሩት ንቦች አንድ ጥግ ባዶ መሬት እንዲተው፣ ሁሉም ተክል አገር በቀል እንዲሆን። "ቅጠሉን ምንም የማይበላው ተክል፣ ምንም የማይመግብ ተክል ነው" ብላ ጣቷን ቀስራ አስተምራቸዋለች። ጎረቤታቸው "ፍየል የሚንቀውን አረም በችግኝ ዋጋ ገዙ!" እያለ በአጥሩ ላይ ሲስቅባቸው፣ ዳኛው የመለሱለት በዚሁ በእሷ ዐረፍተ ነገር ነበር።

ንቦቹን በወረቀት ጠቅልላ አበቦቹን ወደ ገዛችበት፣ ወደ እህቷ ባል ችግኝ ጣቢያ ሄደች። የእህቷ ባል ጎንበስ ብሎ አፈር በላስቲክ ይሞላል። ወረቀቱን ፊቱ ዘረጋችው።

"ምን ረጨህባቸው?"

"እንዴት አደርክ አይባልም?"

"ምን ረጨህባቸው ነው የምልህ!"

"ምንም አልረጨሁም። አጠጣኋቸው እንጂ።" በአገጩ አንድ ቢጫ ጀሪካን አሳያት። "በሥሩ ገብቶ ሁለመናው ውስጥ ይሠራጫል። ቅጠሉን የቀመሰ ትል እዚያው ድፍት ነው። ምነው፣ መስታወት የመሰለ ችግኝ አላስረከብኩሽም?"

"ሁለመናው ውስጥ ከገባ አበባውስ? አበባውን የሚቀምሰው ማን ነው? ንብ ልጠራ የገዛሁትን መርዝ ግተህ ትሰጠኛለህ? ጠርቶ መግደል እኮ ነው! አንተ ሰው ኅሊና የሚባል ነገር አልፈጠረብህም?"

ሰውየው አልተቆጣም። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ቀና አለ።

"የዛሬ ሁለት ወር ያመጣሁልሽን አርባ ችግኝ የመለሰው ማን ነው?"

ዓይኗን ወደ ጀሪካኑ መለሰች።

"'ቅጠሉ ወንፊት ሆኗል፣ ይህን ይዤ ዳኛ ፊት አልቆምም' ብለሽ እንደ ጫንኩት ያስመለስሽኝ አንቺ ነሽ። ያልተበላ አምጣ አልሽ፣ አመጣሁ። ያልተበላ ቅጠል ከሰማይ የሚወርድ መሰለሽ እንዴ እመቤት?"

በልጅነቷ እናቷ "አንቺ እኮ ሲቀብሩሽም ከቀባሪው ጋር ትከራከሪያለሽ" ይሏት ነበር። አሁን ግን ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች።

"ከአበባው ውስጥ መቼ ይለቃል?"

"እኔ እንጃ። የሸጠልኝ ሰው ወራት ይቆያል ብሎኛል፤ የተወደደውም ለዚሁ ነው።" ልትሄድ ስትዞር ድምፁን ዝቅ አደረገ። "በይ በእኔ አሳብቢ። ችግኝ ሻጩ ሳይነግረኝ አደረገው በያቸው። ሰውየው አያውቁኝ፣ እርግማናቸው ለእኔ አይደርስ። ብቻ እህትሽ እንዳትሰማ።"

ስትመለስ ዳኛው አምስት ወንበሮችን ከአበቦቹ ፊት ለፊት ደርድረው ስድስተኛውን ይጎትታሉ። አበባው ውስጥ መርዝ እንዳለ ቆማ ነገረቻቸው።

"በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!" አሉ። "ማን ነው ያደረገው?"

"ችግኝ ሻጩ..." ብላ ጀመረችና አቋረጠች። "እኔ ነኝ። መጀመሪያ ያመጣልኝን ቅጠሉ ተበልቷል ብዬ መለስኩበት። እሱ የጠየቅሁትን ነው ያመጣው።"

ዳኛው ወንበሩን ከሌሎቹ ጋር አስተካከሉ።

"ደግ። ሰኞ ነቅለሽ ሌላ ትተክያለሽ። ነገ ግን ሰዎቹ ይዩት። ሁለቱ ጓሯቸውን ሊሰጡሽ ቆርጠዋል፤ በስልክ ነግረውኛል። ሦስተኛው ሚስቱን አስፈቅዶ ይመጣል። አንድ ቀን ምን ያመጣል?"

"ንቦቹ ነገም ይመጣሉ ጋሼ።"

"የሞተ ንብ የሚቆጥር እንግዳ አልጠራሁም።"

ሐምራዊዎቹ አበቦች ከግንቡ ሥር እስከ ወንበሮቹ ድረስ ጠግበው ተከፍተዋል፤ ቅጠላቸው ላይ አንዲት ቀዳዳ የለችም። እንዲህ ያማረ ነገር ሠርታ አታውቅም። ፀሐይዋ እየሞቀች ነው፤ ሁለት ንቦች መካከለኛው ረድፍ ላይ አርፈዋል። በእጇ ቀስ ብላ አባረረቻቸው። ከዚያ መቀስና ባዶ ጆንያ አነሣች።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ሥሩ ሰኞ ይነቀላል፤ አበባው ግን አሁን ይቆረጣል።"

"አንቺ ልጅ! እሺ የኋለኛውን ቁረጪ፣ የግንቡን ሥር ቁረጪ። ከወንበሮቹ ፊት ያለውን ብቻ ተዪልኝ። ለራስሽ ብዬ ነው!"

ጆንያውን እየጎተተች ወንበሮቹ ፊት ሄዳ ተንበረከከች፤ ከዚያ ጀመረች።