የሊስቤት አሜን

«ያቺን ጸሎት ይዝለሏት» አለ ሃርትሙት፣ የጥቁር ክራቫቱን ቋጠሮ እየጎተተ። የእናቱ የሊስቤት ሬሣ ሣጥን ቤተ ክርስቲያኑ መካከል ተቀምጧል፤ የቀብሩ ሥርዓት ሊጀመር ሩብ ሰዓት ቀርቶታል።

ቄስ ኤክሃርት የጥቁር ካባውን ቁልፍ እየቆለፈ፣ «የትኛዋን?» አለ፣ የትኛዋ እንደሆነች እያወቀ።

«አባታችን ሆይን ነዋ! አምና በአማቴ ቀብር እርስዎ ብቻዎን ሲያነበንቡ እኛ እንደ ችካል ተተክለን ጫማችንን ስናይ ነበር። አፈርን እኮ! እዚህ መንደር የአምላክ ስም የሚጠራው መዶሻ ጣት ሲመታ ብቻ ነው።»

እውነቱን ነው። ቄሱ በዚህ የምሥራቅ ጀርመን ገጠር አሥራ አንድ የሉተራን አብያተ ክርስቲያናትን ይጠብቃል፤ በዚህኛው አሜን ብሎ የሚመልስለት የሊስቤት ድምፅ ብቻ ነበር። እሷም በዘጠና አንድ ዓመቷ ልትሞት ስትል እጁን ይዛ፣ «አባታችን ሆይን ብቻዎን እንዳይሏት። ልጆቼም ይበሉ» ብላ ቃል አስገብታዋለች። ልጆቼ የምትለው መንደርተኛውን ሁሉ ነው። ቃል የእምነት ዕዳ ነውና ቄሱ ጭንቅ ውስጥ ገብቷል። ጸሎቱን አትሞ ቢያድላቸው ወረቀቱን ይዘው ዝም እንደሚሉ ከሃያ ዓመት ልምዱ ያውቃል።

«እናትህ ናት ያዘዘችኝ» አለ።

«እሷማ ታዛለች! ሠላሳ ዓመት የመዋዕለ ሕፃናቱ ምግብ አብሳይ ሆና ስታዘን አይደል የኖረችው?»

«ከምሳ በፊት ምን ነበር የምትሉት?»

«ያኔ በኮሚኒስቶቹ ዘመን ጸሎት የት አለና! እጅ ለእጅ ተያይዘን ‹መልካም ምግብ!› ብለን እንጮሃለን። በቃ።»

«እሷ ደግሞ ጩኸታችሁን ተገን አድርጋ ከወጥ ቤቱ መስኮት ኋላ አሜን ትል ነበር። በየቀኑ። ራሷ ናት የነገረችኝ።»

ሃርትሙት ክራቫቱን መጎተት ተወና ወጣ።

መቃብሩ ዙሪያ አርባ የሚሆኑ ሰዎች ቆሙ፤ አብዛኞቹ በልጅነታቸው ከሊስቤት ጭልፋ ሾርባ የጠጡ ናቸው። ቄሱ «አባታችን ሆይ» ብሎ ጀመረ። አንድም ከንፈር አልተንቀሳቀሰም። ዓይን ሁሉ ወደ ጫማ ወረደ። «የዕለት እንጀራችንን ዛሬ ስጠን» ሲል አቋረጠ፤ የገባው ቃል ከሊስቤት ጋር አፈር ሊለብስ ነው። መቀጠል አቃተው።

ሃርትሙት ጉሮሮውን ጠረገና ከጎኑ የቆመችውን የፖስታ አዳይዋን እጅ ያዘ። እሷ የጎረቤቷን ያዘች፤ ጎረቤቷም የቀጣዩን። መቃብሩን ዞረው ሲገናኙ ቄሱንም ግራና ቀኝ ያዙት፤ የጸሎት መጽሐፉን ብብቱ ውስጥ ወሸቀ።

«መልካም ምግብ» አለ ሃርትሙት በቀስታ።

«መልካም ምግብ!» አሉ ሁሉም። አንዲት ሴት ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነ።

ቄስ ኤክሃርት እጆቹን ሳያስለቅቅ የቀረውን ጸሎት እስከ መጨረሻው አደረሰ። አሜን ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዛሬ ግን በ«መልካም ምግብ» ጩኸታቸው ውስጥ ተብሏልና አልደገመውም። እጆቹን ቀስ ብሎ ለቀቀና ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን አፈር ዘገነ።