ያልወጣ እርም

«ፊልሙ ላይ እናትህ መንገድ ወጥተው ሲጮሁ ጊዜ አንጀቴ ቁርጥ አለ። ነፍሳቸውን ይማር» አለው ለቅሶ ሊደርስ የመጣው የመሥሪያ ቤት ባልደረባው።

ወልደ ሐዋርያት «አሜን» አለ። እናቱ ወይዘሮ የማርያምወርቅ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ደጃቸው ላይ የዕድሩ ድንኳን ከተተከለ ጀምሮ፣ የመጣው ሰው ሁሉ የሚያነሣው ፊልም ሠሪዋ ልጁ ናዝሬት፣ በደርግ ዘመን ስለነበረው ቤተሰባቸው የሠራችውን ፊልም ነው። እዚያ ላይ እናትየዋ የልጇን ሬሳ ስታይ ነጠላዋን ጥላ ትጮኻለች። ውሸት። የማርያምወርቅ አልጮኹም። ወልደ ሐዋርያት በፊልሙ ምረቃ ዕለት እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ አዳራሹን ጥሎ የወጣው ለዚህ ነበር።

ታላቅ ወንድሙ ሰሎሞን በሰባ ዓመተ ምሕረት ተገድሎ መንገድ ዳር የተጣለ ጊዜ፣ እሱ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። ሬሳውን ጭነው ወሰዱት፤ ለፀረ አብዮተኛ ማልቀስ ክልክል ነው ተባለ። አንድ የቀበሌ ጠባቂ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ማን እንደሚያለቅስ ሊያይ ሦስት ቀን ሙሉ ቤታቸው ተቀመጠ። የወልደ ሐዋርያት ከንፈር በተንቀጠቀጠ ቁጥር እናቱ በጋቢ ሥር ጭኑን ይቆነጥጡታል። ጭኑ በልዞ ከረመ። የእሳቸው ዓይን ግን ደረቅ ነበር። ከዚያም መንግሥት ተለወጠ፣ ሌላው የልጁን አፅም አውጥቶ እያለቀሰ ቀበረ፤ እሳቸው የሰሎሞንን ስም እንኳ አላነሡም። ልጅ ሳለ «ድንጋይ ናት» ብሎ ጠልቷቸው ነበር። ካደገ በኋላ ያን ያደረጉት እሱን ለማትረፍ መሆኑ ሲገባው ሐዘኑ ባሰበት። አሁንም የሚያንገበግበው እሱ ነው፤ እናቱ የልጃቸውን እርም ሳያወጡ፣ ያንን ጩኸት በሆዳቸው እንደያዙ አፈር ገቡ። ለራሱም እንባ እምቢ ብሎታል።

«ለእናቱ አንዲት ዘለላ ይጥፋ?» ሲሉ ሴቶቹ ከኋላው ሰምቷቸዋል። እውነታቸውን ነው።

ናዝሬት መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። «አባዬ፣ አሁንም እንደተቀየምከኝ ነህ?»

«ያላለቀሰችውን አስለቀስሻት። ለፊልም ማማሪያ።»

ናዝሬት ቀና ብላ እትዬ ዳርቱን አየች። እትዬ ዳርቱ የዚያን ዘመን ጎረቤት ናቸው፤ ሁሉን ያውቃሉ። «ንገሪው እንጂ» አሏት። «እንዳትነግሪው ያማለችሽ እንደሆነች ሄዳለች።»

«ተዋናይዋ አልቻለችም ነበር፣ አባዬ። አሥር ጊዜ አስደገምኳት፣ ጩኸቷ የውሸት ሆነብኝ። እማማ ከካሜራው ኋላ ተቀምጣ ነበር። 'ልጅ እንዲህ አይለቀስም' ብላ ተነሣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ከዚያ 'ሰሎሞኔ' አለች... መብራት የያዘው ልጅ መብራቱን አስቀምጦ አለቀሰ። ፊልሙ ላይ የሚሰማው የእሷ ድምፅ ነው። ተዋናይዋ አፏን ብቻ ነው የምታንቀሳቅሰው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«'ስንቴ ቆንጥጬ ዝም ያሰኘሁትን ልጅ፣ እኔ አልቅሼ በምን ዓይኔ አየዋለሁ' አለችኝ። አፈረችህ።»

ወዲያው የነፍስ አባታቸው ለሠልስቱ ጸሎት ገቡና ሰው ሁሉ ተነሣ።

«የክርስትና ስማቸውን አስታውሱኝ» አሉ ቄሱ መጽሐፋቸውን እየገለጡ።

«ወለተ ኪዳን» አለ ወልደ ሐዋርያት። ቄሱ ሊጀምሩ ሲሉ ደግሞ «ሣህለ ማርያምም አለ» አለ።

«እሱስ ማን ነው?»

«ወንድሜ ሰሎሞን ነው፣ አባ።»

«መቼ ነው ያረፈው?»

ዓመቱንም ቀኑንም ያውቃል። ሊናገር ሲል ለቅሶው ግንፍል ብሎ መጣበትና እንደ ልማዱ አፉን በእጁ ጥርቅም አድርጎ ያዘ። እትዬ ዳርቱ ከሴቶቹ መሀል ወጥተው ፊቱ ቆሙ፤ እጁን ቀስ አድርገው ከአፉ ላይ አነሡለት።